ዚንክ፣ አሉሚኒየም ወይስ ብረት? የጋዝ ኤርሶፍት ጠመንጃ ለምትገዙ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ጅማ መጣ። ለእናቱ ቸኮሌት፣ ለእኔ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ስብርባሪ ይዞልኝ ነበር። ቶርኖ ቤቴ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «አጎቴ፣ ይቺን በብረት አድርገህ ትሠራልኛለህ?» አለኝ። እህቴ በር ላይ ቆማ «ይሠሩልኛል ወይ በል እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። እዚያ ያደገ ልጅ ነው። አንቱታው ገና አልገባም።

ስብርባሪዋ የአውራ ጣት ግማሽ የምታክል መዶሻ ናት። የጠመንጃ መዶሻ። ቃታ ሲሳብ ዘላ የምትመታዋ ማለት ነው። ደንገጥ አልኩ። «ኧረ የእውነት አይደለም፣ ኤርሶፍት ነው» ብሎ ስልኩን አወጣና ያሳየኝ ጀመር። ሳላስበው ግማሽ ቀን ሄደብኝ። ከዚያ ወዲህ እሱና እዚያ ያሉ ጓደኞቹ በቴሌግራም መጠየቅ አላቆሙም። «ጋሼ፣ የቱን እንግዛ?» ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ጠመንጃውን ተጫውቼበት አላውቅም። ብረት ግን አውቃለሁ።

ለማታውቁት፣ ኤርሶፍት ከጃፓን የመጣ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች ባለ 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ፍሬ ይተኳኮሳሉ። ያለ ዓይን መከላከያ ሜዳ መግባት የለም። የተመታ እጁን አንሥቶ ይወጣል። አንዱ መሣሪያ በእጅ በሚሳብ ሞላ፣ ሌላው በባትሪና በሞተር፣ ሦስተኛው በጋዝ ይሠራል። የዛሬው ጉዳያችን ጋዝ ብሎውባክ የሚሉት ነው። ጋዙ ፍሬዋን ወደፊት ይወረውራል፤ በዚያው ቅጽበት ውስጥ ያለውን ተንሸራታች ቁራጭ ወደኋላ ይገፋዋል። ይህን ተንሸራታች ቦልት ይሉታል፤ ከእኛ ብሎን ጋር እንዳታምታቱት። ቦልቱ ሄዶ ሲመለስ ትከሻ ላይ ይሰማል። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። የሚሰባበረውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ እዚህ አታምጡት

የእህቴ ልጅ ጠመንጃውን እዚያው ትቶ መምጣቱ ልቡ ያለው ልጅ መሆኑን ያሳያል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ኬላ አለ። ኬላ ላይ ያለው ፖሊስ የሚያየው አሻንጉሊት ሳይሆን ኤም ፎር የሚሉትን የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ ነው። እሱ ላይ አልፈርድም፤ እኔም ከአንድ ሜትር ርቀት አልለየውም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር «ጨዋታ ነው» እያሉ ማስረዳት አያዋጣም። ይህ ጽሑፍ እዚያ ላላችሁት ነው።

የሚያስቀው ግን የጅማ አየር ለዚህ መሣሪያ የተሠራ ይመስላል። ለምን እንደሆነ ጋዙ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ማግኔት ይዛችሁ ግቡ

ሻጮቹ «ፉል ሜታል» ብለው ይጽፋሉ። እኛ ደግሞ «ሙሉ ብረት» ብለን እንተረጉመውና አርፈን እንቀመጣለን። ስሕተቱ እዚህ ይጀምራል። ሜታል ሲባል ዚንክም አሉሚኒየምም ውስጥ አለ። በእኛ አፍ ብረት ስንል ግን የምናስበው መጥረቢያ የሚሆነውን ነው።

የልጁ መዶሻ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራች ነበረች። ዛማክ ይሉታል። ስሙ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ ከሚሉት የጀርመንኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች የተገጣጠመ ነው። በ385 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። አሉሚኒየም 660 ይፈልጋል፤ ብረት ደግሞ ከ1,400 በላይ። በትንሽ ሙቀት መቅለጡ ፋብሪካን ያስደስታል። የሚፈስበት ቅርጽ ቶሎ አያልቅም፣ ዕቃው ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ዋጋው ይረክሳል። የቤታችሁ የበር እጀታና የሻንጣችሁ ዚፕ መሳቢያ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው።

ዚንክ የሚሸውደው በክብደቱ ነው። በኩብ ሴንቲ ሜትር 6.6 ግራም ይመዝናል። ብረት 7.85 ነው። አሉሚኒየም ግን 2.7 ብቻ። እጃችሁ ላይ ከበድ ሲላችሁ «ይሄ ጠንካራ ነው» ትላላችሁ። ክብደቱ የዚንክ ሊሆን ይችላል። ዚንክ ደግሞ ተደጋጋሚ ምት አይወድም። አይጎብጥም፤ ቀጥ ብሎ እንደ ገል ይሰነጠቃል። የተሰበረበት ቦታ ግራጫና አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

ስለዚህ ማግኔት ይዛችሁ ግቡ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ብትሆንም ትበቃለች። የያዘችው ብረት ነው። ያልያዘችው ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም፣ ከባድ ከሆነ ዚንክ። ቀለም አይሸውዳችሁ፤ ሁሉም ጥቁር ተቀብቶ ነው የሚመጣው። መዶሻዋን፣ ቃታውን፣ የቦልቱን ሆድ፣ ቦልቱ መጨረሻ ላይ የሚቆምበትን መያዣ ፈትሹ። ውጭውን ተዉት። አብዛኛው ሰው የሚፈትሸው ውጭውን ነው፤ የሚሰበረው ግን ውስጡ ነው።

አሉሚኒየሙም ቢሆን አንድ አይደለም። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የተጨመቀ አለ፤ ከድፍኑ በማሽን የተቆረጠ አለ። ማስታወቂያ ላይ 6061 እና 7075 የሚሉት ቁጥሮች የቅይጥ ስሞች ናቸው። ሁለተኛው ይበልጥ ጠንካራ ነው። ሰደፉ የሚታሰርበት የኋላ ቀለበት ላይ የብሎን ጥርስ አለ። ጠመንጃው ሲወድቅ ወይም በሰደፉ ሲደገፉበት ጭነቱ ሁሉ እዚያች ቀለበት ላይ ነው። እዚያ ርካሽ ቅይጥ ከገባ ቀለበቷ ትሰነጠቃለች። እሷ ከሄደች ደግሞ አካሉ በሙሉ ሄደ ማለት ነው። ለዚህች ቦታ ስል ብቻ ዚንክ አካል ያለው ጠመንጃ አልገዛም።

ማን ከማን ጋር ይፋጠጣል?

ወጣት ሳለሁ ከአጋሮ በኩል አንድ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጣልኝ። የነሐስ ቦኮላው፣ ማለትም አክሱ ውስጡ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ አልቋል። እኔ ጎበዝ ልባል ብዬ በብረት ቀየርኩት። «እንግዲህ አያልቅም» አልኩ። እውነትም ቦኮላው አላለቀም። አጋማሹ መልቀሚያ ላይ ያለቀው አክሱ ነው። ባለቤቱ ቡናውን በእጅ ሲያስፈለፍል ከረመ። ቦኮላ በአንድ ጠዋት ይቀየራል። አክስ ግን ሌላ ዋጋና ሌላ ራስ ምታት ነው። ቦኮላ ለስላሳ የሚደረገው አውቀው ነው፤ እሱ እንዲያልቅ፣ አክሱ እንዲተርፍ።

የእህቴን ልጅ መዶሻ በብረት ሠርቼ ያልሰጠሁት ለዚህ ነው። መዶሻዋ ወደኋላ ስትታጠፍ የሚይዛት አንድ ትንሽ ጥርስ አለ፤ ቃታ ሲሳብ የሚለቃት እሱ ነው። በልጁ ጠመንጃ ላይ ይህ ጥርስ ዚንክ ነው። የብረት መዶሻ ብሠራለት በየተኩሱ ያንን ጥርስ እንደ ሞረድ ትግጠዋለች። ጥርሱ ሲያልቅ ጠመንጃው አንዴ ተስቦ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ይሄ ደግሞ ጀርመን ውስጥ ቀልድ አይደለም። እዚያ በአንድ ስበት ተከታትሎ የሚተኩስ ኤርሶፍት ከ0.5 ጁል ማለፍ አይችልም፤ ጁል የፍሬዋ ጉልበት መለኪያ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው አንድ በአንድ ብቻ ነው መተኮስ ያለበት፤ በአምስት ማዕዘን ውስጥ «ኤፍ» የሚል ምልክት ይታተምበታል፣ ባለቤቱም 18 ዓመት መሙላት አለበት። ያረጀ ጥርስ እንግዲህ ብልሽት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጣጣም ነው።

ስለዚህ «ብረት ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «ምኑ ከምኑ ጋር ይመታታል?» በሉ። መዶሻና ጥርስ አብረው ብረት ከሆኑ ጥሩ ነው። ሁለቱም ዚንክ ከሆኑ አብረው ያረጃሉ፤ አብረው ትቀይሯቸዋላችሁ። የሚያስፈራው አንዱ ብረት፣ አንዱ ዚንክ የሆነበት ነው። ቦልቱና የሚያቆመው መያዣም እንዲሁ ናቸው። ካዝናው፣ ፍሬ የሚሞላበት ማለት ነው፣ ባዶ ሲሆን መያዣው ተነሥቶ ቦልቱን ጥርቅም አድርጎ ያቆመዋል። መያዣው ብረት፣ ቦልቱ ዚንክ ሲሆን ቦልቱ ላይ ያለው ጠርዝ ይከረከማል። ውሎ አድሮ ቦልቱ መቆሙን ይረሳል።

ስለ ቦልት ክብደትም ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የብረት ቦልት ከባድ ነው፤ ትከሻ ላይ ምቱ ደስ ይላል። ግን ያ ደስታ የሚመጣው ኋላ ያለውን ሁሉ በመደብደብ ነው። የአሉሚኒየም ቦልት ቀላል ነው። ቶሎ ይመላለሳል፣ ጋዝ ይቆጥባል፣ በብርድም ይሻላል፤ ምቱ ግን ይቀንሳል። ዚንኩ መሐል ላይ ነው፤ ክብደት አለው፣ ዕድሜ የለውም። እኔ ብሆን አሉሚኒየም እወስድ ነበር። የእህቴ ልጅ ብረት ይላል። ወጣት ነው፤ ትከሻው ይችለዋል።

ፕላስቲክን ደግሞ አትናቁ። ኖዝል የምትባል ቁራጭ አለች፤ ፍሬዋን ከካዝና ገፍታ የምታስገባ፣ ጋዙም በሷ በኩል የሚያልፍ። ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናት። በብርድ ትሰነጠቃለች ብለው ያማርራሉ። ይሰነጠቁ! እሷ ናት ቦኮላው። ሁለት መለዋወጫ ኪስ ውስጥ ያዙ። የአሉሚኒየም ኖዝል ገዝተው የካዝናውን ጎማ አፍ የሚያስበሉ አሉ፤ እነሱ እንደ ወጣትነቴ ናቸው።

ጋዙ

ሦስት ዓይነት ጋዝ ትሰማላችሁ። አንደኛው 134ኤ ነው፤ የመኪና ኤሲ ውስጥ የኖረው ጋዝ። ሁለተኛው ግሪን ጋዝ የሚሉት ነው፤ ስሙ ያማረ ፕሮፔን ነው፣ ትንሽ የሲሊኮን ዘይት ተጨምሮበት። ሦስተኛው ሲኦቱ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ባለ 12 ግራም ጥይት መሳይ ቆርቆሮ።

በ20 ዲግሪ 134ኤ 5.7 ባር ገደማ ግፊት አለው። ፕሮፔን 8.4 ነው። ሲኦቱ 57! የመኪና ጎማ ከ2 ባር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ልዩነቱን ከዚያ ገምቱ። አሁን ብርዱን አስቡ። በዜሮ ዲግሪ 134ኤ ወደ 2.9 ይወርዳል። ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ፕሮፔን 4.7 ላይ ይቆያል። የጥር ፍራንክፈርት ላይ በ134ኤ የሚሠራ ጠመንጃ ይዛችሁ ብትወጡ ቦልቱ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ጥፋቱ የብርዱ ነው፤ ጠመንጃውን አትውቀሱት።

ሌላም አለ። ጋዙ ካዝና ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ስትተኩሱ ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ቶሎ ቶሎ ከተኮሳችሁ ካዝናው እጅ ላይ ይበርዳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ደቂቃ ጠብቁት፤ ይመለሳል። ጅማ ዓመቱን ሙሉ ከ20 ዲግሪ ብዙ አትርቅም፤ ላዩ ላይ አትግልም፣ አትበርድም። 134ኤ ከዚህ የተሻለ አገር አያገኝም። ግን መጫወቻ የለንም፤ ይሁን።

ምርጫው ታዲያ? ጀርመን ሱቅ ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ፕሮፔን ነው። 134ኤ ከባቢ አየርን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያሞቃል ተብሎ ስለሚቆጠር አውሮፓ ውስጥ አንገቱን ይዘውታል። ለአውሮፓ የሙቀት ወራት ዝቅ ያለ ግፊት ያለው ቅልቅል ጋዝ ይሸጣል፤ ዚንክ ቦልት ላላችሁ እሱን እመክራለሁ። ሲኦቱን ለዚንክ ጠመንጃ አትስጡ። ለብርድ ጎበዝ ነው፣ ክፍሎችን ግን ይጨርሳል።

የቤት ማብሰያ ጋዝ ከሲሊንደር ቀድቶ መሙላት የሚያስብ ካለ አሁኑኑ ይተው። ቅልቅሉ ሌላ ነው፣ ሽታው አለ፣ እሳት አለ። ፕሮፔንም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው። ሲጋራ ይዞ ካዝና የሚሞላ ሰው አጠገብ አትቁሙ።

ካዝናው፣ ካዝናው፣ ካዝናው

ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ «እየተነፈሰ ነው» የሚሉ ናቸው። ካዝናው ፍሬ መያዣ ብቻ ሳይሆን የጋዝ ታንክም ነው። ታንክ ደግሞ በጎሚኒ ነው የሚዘጋው። ሦስት ቦታ ፈትሹ፦ ጋዝ የሚሞላባት ትንሿ ቫልቮላ፣ መዶሻዋ የምትመታው ትልቁ ቫልቮላ፣ እና የታችኛው ክዳን ዙሪያ። ባልዲ ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ ልክ እንደ ጎማ ቤት። አረፋው የት እንደሆነ ይነግራችኋል። ከዚያ አድርቁት፣ ጋዙን አስወጡ፣ የዚያን ቦታ ጎሚኒ ቀይሩ።

ጎሚኒ የሚሞተው በድርቀት ነው። ስለዚህ ካዝናን ባዶ አድርጋችሁ አታስቀምጡ፤ ጥቂት ጋዝ ይኑርበት። ግፊቱ ጎሚኒውን ከመቀመጫው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ሲኦቱ ከሆነ ግን ተቃራኒ ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ቆርቆሮውን አውጡ። ሙሉ ካዝና ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ።

ዘይቱ ሲሊኮን ይሁን። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ ፕላስቲኩንና አንዳንዱን ጎማ ያበላሻል። ሲሊኮኑንም ቢሆን በርሜል ውስጥ አትርጩ። ፍሬዋን የምታሽከረክር ሆፕ አፕ የምትባል ጎማ እዚያ አለች። ዘይት ከነካት ፍሬው ወደፈለገበት ይሄዳል፤ ራሷ ከሲሊኮን የተሠራች ከሆነች ደግሞ ሲሊኮን ዘይት ጠጥታ ታብጣለች።

ጠመንጃ ስታነጻጽሩ እንግዲህ የካዝናውን ዋጋም አስሉ። ለአንድ ቀን ጨዋታ ቢያንስ አራት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲበርድ ሌላው ይሠራል። ጠመንጃው ረክሶ ካዝናው የሚወደድ ከሆነ ዋጋው ረከሰ አይባልም።

እና የቱ?

የጃፓኑ ቶኪዮ ማሩይ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ኤም ደብልዩ ኤስ የሚባል ኤም ፎር አለ። ካዝናው 35 ፍሬ ይይዛል። አካሉ በቅርጽ የተጨመቀ አሉሚኒየም ነው፣ ላዩ ሴራኮት የተባለ ጠንካራ ቀለም ተቀብቷል። ቦልቱ ግን ዚንክ ነው። «እንዴት ውድ ዕቃ ላይ ዚንክ?» ይላሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጓን አሻሽላ የ6 ሚሊሜትር መሣሪያን ከ0.98 ጁል በታች አድርጋለች። 0.20 ግራም ፍሬ በሰከንድ 100 ሜትር ስትሄድ ልክ 1 ጁል ናት፤ ከዚያ አስሉት። ማሩይ ያንን ጉልበትና 134ኤን አስቦ ነው የሠራው። ለዚያ ግፊት ዚንኩ ይበቃል፤ ክፍሎቹም ተስማምተው ይሠራሉ። ከሳጥኑ ወጥቶ ችግር የማይፈጥረውን ከፈለጋችሁ እሱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው በፕሮፔን ስትነዱት ነው። ያኔ የቦልት መቀየሪያ ገንዘብም አብራችሁ አስቡ። ደግሞ ተከታትሎ የሚተኩስ ስለሆነ ጀርመን ያላችሁ አንድ በአንድ እንዲተኩስ ተደርጎ ምልክቱ የታተመበትን ብቻ ግዙ።

ደብልዩ ኢ የታይዋን ነው፤ ዋጋው ቀለል ይላል። የእህቴ ልጅ መዶሻ ከዚህ ሰፈር ዕቃ መሆኗን አልክድም። ውስጡ ብዙ ዚንክ አለ። ግን አንድ ነገር አለው፤ መለዋወጫው ሞልቷል። ራ ቴክ የሚባለው ሌላ የታይዋን አምራች መዶሻውን፣ ጥርሱን፣ መያዣውን በብረት ይሠራለታል። እጃችሁ ፒንሳና ካቻቢቴ የሚወድ ከሆነ፣ ክፍሎቹንም በጥንድ የምትቀይሩ ከሆነ፣ ይህን ግዙ። እየፈቱ መማሪያ ነው። መፍታት የማይወድ ሰው ግን ይርቀው።

ጂ ኤች ኬም ታይዋን ነው። ኤኬዎቹ፣ ክላሽ መሳዮቹ ማለት ነው፣ አካላቸው የብረት ላሜራ ነው። ማግኔቴን ብለጥፍባቸው ደስ የሚለኝ እነሱ ላይ ነው። ብረት ግን ይዝገዋል። ዝናብ ላይ የሚጫወት ሰው ቤት ሲገባ ጠርጎ ዘይት መቀባት አለበት፤ እንደ መጥረቢያ። መለዋወጫው የደብልዩ ኢን ያህል በየሱቁ አይገኝም። ከመግዛታችሁ በፊት ኖዝል ማዘዝ የምትችሉበትን ሱቅ እወቁ።

ቪ ኤፍ ሲ ደግሞ ጀርመን ላሉት አንድ ጥቅም አለው። አርንስበርግ ያለው ኡማሬክስ የተባለ ኩባንያ የጀርመኑን ጠመንጃ ሠሪ የሄክለር ኡንድ ኮህን ስም ፈቃድ ይዞ፣ ጠመንጃዎቹን ቪ ኤፍ ሲ ይሠራለታል። አንድ በአንድ ብቻ የሚተኩሰውን ከነምልክቱ እዚያው አገር ሱቅ ታገኛላችሁ፤ ሲበላሽም የምትሄዱበት አለ። መልኩም ያምራል። ውስጡን ግን በማግኔት ፈትሹ፤ ያልኳችሁን አትርሱ።

እንግሊዝ ያላችሁ ገደባችሁ ሰፋ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ሕግ ተከታትሎ ለሚተኩሰው 1.3፣ አንድ በአንድ ለሚተኩሰው 2.5 ጁል ይፈቅዳል። ጣሊያን ያላችሁ ከ1 ጁል አትለፉ። የጋዝ ጠመንጃ ከባድ ፍሬ ሲሰጡት ጁሉ ይጨምራል፤ ስለዚህ የምታስለኩት በምትጫወቱበት ፍሬ ይሁን። በቀላሉ አስለክቶ በከባዱ መጫወት የተለመደ ብልጠት ነው። ነውር ነው።

በአውሮፓ የብርድ ወራት ብቻ ጊዜ የምታገኙ፣ ጥገና የማትወዱ፣ ገንዘባችሁም ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ በባትሪ የሚሠራውን ግዙ። እውነቴን ነው። ትከሻ ላይ ምንም አይሰማም፤ ግን ይተኩሳል።

የእህቴ ልጅ አዲስ አልገዛም። መዶሻውንና ጥርሱን በብረት፣ በጥንድ አዘዘ። ትናንት ፎቶ ላከልኝ፤ ባልዲ ውስጥ የተነከረ ካዝና፣ ከታች ክዳኑ በኩል አረፋ ይወጣል። «አጎቴ፣ የዚህ ጎሚኒ ቁጥሩ ስንት ነው?» ይላል። ካሊፐር ግዛና ለካው አልኩት። እናቱም አጠገቤ ነበረች፤ «ይለኩልኛል ወይ በል» እንድትለው ጠብቄ ነበር፣ ዝም አለች።